ቀዳዳ የሌለው የሸሚዝ ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋ ደም ግፊት እንዳለባት የተነገራት ቀን እንደማንኛውም ሰው ደንግጣ ነበር፤ ብዙ ሳትቆይ ግን ነገሩ ጥቅምም እንዳለው ገባት። ባለቤቷ ሬዲዮኑን ከፍ ሲያደርግ፣ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከራት፣ ልጇ ካለበት ከተማ ደውሎ የማትወደውን ወሬ ሲያመጣ፣ አንድ እጇን ግንባሯ ላይ ትጭንና «ግፊቴን አታስነሱብኝ!» ትላለች። በቃ፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ጩኸት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲያስቀምጥ የኖረው ሰውዬ ጨው የሌለው ወጥ እየበላ፣ በገዛ ቤቱ በእግሩ ጣት እየተራመደ አረጀ። «ግፊቱ የእሷ፣ ተገፊው እኔ» ይላል፣ እሷ በማትሰማበት።

ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ይላታል፤ ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድማ። ሱቋ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ወደ መንገድ የሚያይ ሰፊ መስኮት፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ልክ የሚወሰድበት በመጋረጃ የተከለለ ቦታ አለው። በአንዱ መኪና እሷ፣ በሌላው ታናሽ እህቷ ይቀመጣሉ። ታናሿ አላገባችም። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ስለነበረች አዝላ ያሳደገቻት ልብስ ሰፊዋ ናት። ዛሬ የሁለቱም ፀጉር ሸብቶ እንኳ ታናሿ «እታለም» ብላ ነው የምትጠራት፤ ስትቆጣትም ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

በዚያ ሱቅ ውስጥ የማይነገር አንድ ቃል ነበር። ሴት ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ስትለካ፣ ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን በጡቷ ላይ ታዞርና «ደረት!» ብላ ቁጥሩን ትጠራለች፤ ታናሿ ከጠረጴዛው ሆና ትጽፋለች። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ። ሙሽራም ትምጣ፣ የምታጠባ እናትም ትምጣ፣ ያላት ደረት ነው፤ ጡት የሚባል ነገር በዚያ ቤት የለም። በመስኮቱ ስር የሚያልፍ ወንድ እንዳይሰማ ብላ የጀመረችው ልማድ ነው። እየቆየ ግን ለራሷም ሌላ ቃል ጠፋት።

ስፒል የምትሰካው የለበሰችው ቀሚስ ላይ ነው፣ በግራ በኩል። አንድ ቀን የካፖርት ገበር በስፒል እያያያዘች ሳለ ስፒሏን ለመሰካት ጣቷን ጫን ስታደርግ ከጨርቁ ስር የኮት ቁልፍ የሚያህል ጠንካራ ነገር አገኛት። ቁልፍ ረስታ የከተተች መስሏት ኪሷን ፈለገች። ቀሚሱ ኪስ አልነበረውም።

ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ዳሰሰችው። አያምም። አለማመሙ ደግሞ ይበልጥ አዘናጋት። ለማን ትናገር? ለባለቤቷ? በዚህ ሁሉ ዘመን ትዳር ስሙን ጠርታለት የማታውቀውን ነገር ዛሬ ከየት ጀምራ ትንገረው? ለታናሿ? እሷማ ገና ሳትጨርስላት ታለቅሳለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ወጣችና ገበሩን መያዟን ቀጠለች።

ለግፊቷ ክትትል ጤና ጣቢያ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ግን መናገር እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ በዕድሜ ልጇ ይሆናል። ክንዷን ጠቅልሎ ግፊቷን ለካና «ትንሽ ከፍ ብሏል እማማ። ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» አላት።

የተለማመደችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይሰማኛል» አለች።

የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። «በየት በኩል?»

«በግራ።»

«ይከብድዎታል?»

«ይከብደኛል» አለች። አልዋሸችም፤ ካገኘችው ቀን ጀምሮ ምን ያህል እንደከበዳት የምታውቀው እሷ ናት።

«ወደ ክንድዎስ ይሄዳል?»

«አንዳንዴ።»

ዕድሜዋ የገፋ፣ ግፊት ያለባት ሴት «ደረቴን በግራ በኩል ይከብደኛል» ስትል ሐኪም የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ተጣድፈው አስተኟት። ነርሷ ልብሷን ገለጥ አድርጋ ለልብ ምርመራ የሚለጠፉትን ሽቦዎች ለጠፈችባት፤ አንዱን ከዚያ ነገር አጠገብ። ይኸው አገኙት፣ ተገላገልኩ ብላ ትንፋሿን ዋጠች። የነርሷ ዓይን ግን ማሽኑ ላይ ነበር። ማሽኑ የዚግዛግ ስፌት የመሰለ መስመር ያለበት ወረቀት ተፋ፤ ሐኪሙም ወረቀቱን ዘርግቶ አየና ፈገግ አለ።

«ንጹህ ነው እማማ። ደረትዎ ላይ ምንም የለም። የሚያስጨንቅዎት ግፊቱ ነው፤ ክኒንዎን እንዳይረሱ።»

ደረትዎ ላይ ምንም የለም! ይህችን ቃል ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ለባለቤቷ ነገረችው፤ ለታናሿ ነገረቻት፤ ለደንበኛ ሳይቀር «ደረቴን ታይቼ ነጻ ነሽ ተባልኩ» አለች። ሐኪሙ ልቧን እንጂ ጡቷን እንዳላየ ሳታውቅ ቀርታ ነው? በጣት ጥፍር ያህል የተዛነፈ ስፌት ከመንገድ ማዶ የምታይ ሴት ይህን አላወቀችም ማለት ዘበት ነው። ታውቃለች። ግን ልትሰማው የፈለገችውን ቃል ሐኪም በአፉ ሰጣት፤ እሷም ሳታገላብጥ ተቀበለችው።

ክረምቱ አለፈ፤ በጋው ተጋመሰ። የምትለብሳቸውን ቀሚሶች አንድ በአንድ በግራ በኩል እየፈታች አሰፋቻቸው። እጅ አላትና ከውጭ ሲያዩት ምንም አያስታውቅም። ልብስን ከውስጥ ገልብጦ የሚተኩስ ሰው ግን ያውቃል፤ የሱቁን ካውያ የያዘችው ደግሞ ታናሿ ናት።

«እታለም፣ የዚህ ቀሚስ ግራው ለምን ሰፋ?»

«ወፍሬ ነዋ።»

«በአንድ ጎን ነው የሚወፈረው?» ታናሿ ካውያውን አቁማ ሌላውን ቀሚስ ገለበጠች። እሱም እንደዚያው ነው። ሦስተኛውም።

«ግፊቴን አታስነሺብኝ እንግዲህ!» እጇ ግንባሯ ላይ ወጣ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታናሿ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ካውያዋን ታነሳ ነበር። ዛሬ መጣችና እህቷ ፊት ቆመች። ከዚያም ሳትጠይቅ፣ ይቅርታም ሳትል እጇን ዘርግታ ዳሰሰቻት። ወዲያው እንደተቃጠለ ሰው እጇን ሰበሰበች።

«ይሄ እኮ ጡትሽ ነው» አለች። በዚያ ሱቅ ውስጥ ቃሉ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ ይዛት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች። እዚያ ያገኟት ሐኪም ፀጉሯ ሳሳ ያለ፣ የማትቸኩል ሴት ናት። «ምን ገጠመዎት?» ስትላት ልብስ ሰፊዋ «ደረቴን…» ብላ ጀመረች፤ ታናሿ ግን «ጡቷን ነው» ብላ አቋረጠቻት። ሐኪሟ ዳሰሰች፣ ብብቷንም ደህና አድርጋ ፈተሸች፣ በመርፌ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ እነሱ አስጠግታ ካንሰር እንደሆነ ነገረቻቸው። በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት፤ ወደ ብብት መሻገር አለመሻገሩ ያኔ ነው በደንብ የሚለየው፤ የሚቆይበት ምክንያት የለም አለች።

«ከግፊቷ የመጣ ነው?» አለች ታናሿ። የሚወቀስ ነገር ትፈልግ ነበር።

«ሁለቱም ሴት ልጅ ዕድሜዋ ሲገፋ የሚመጡ ናቸው» አለች ሐኪሟ። «በዚህ ዕድሜ ግፊት ያለባቸው ሴቶች ላይ ይሄ በሽታ በመጠኑ በዝቶ ይታያል የሚሉ ጥናቶች አሉ። አንዱ ሌላውን ያመጣል ወይ ለሚለው ግን ማንም እርግጠኛ አይደለም። እኔ የምለው፣ ግፊትን ለመለካት የምትመጣ ሴት ሁሉ ጡቷም መታየት ነበረበት።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞር አለች። «ከዚህ በፊት ለሰው ተናግረው ያውቃሉ?»

«ተናግሬያለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት ገና ክንዷ ሲጠቀለል የነርሷ ቅንድብ ተነሳ። ደግማ ለካች። ሌላ ሰው ጠራች። በመጨረሻ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም መጥቶ «በዚህ ግፊት አናስተኛዎትም። ዛሬ አይሆንም» አለ። አንድ ክኒን ተጨምሮላት ሌላ ቀጠሮ ተሰጣት። ባለቤቷ ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣውን እያሽከረከረ «ይሄ ግፊት ደግሞ እኔን ጨርሶ ወደ ሐኪም ዞረ?» ሲል ታናሿ ዕንባዋን ትጠርግ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ልብሷን መልሳ ለበሰች። ቁልፎቿን ስትቆልፍ ደስ እንዳላት አወቀች፤ ከፈተና በዝናብ ምክንያት እንደተረፈ ተማሪ ደስ አላት። ደስታዋ ራሱ አስፈራት።

ከዚያ በኋላ ክኒን መስጠቱን ታናሿ በራሷ እጅ አደረገችው። በየማለዳው መኪናው ላይ እንደተቀመጠች ውሃና ክኒኖቹን ታቀርብላታለች፤ ልብስ ሰፊዋም እጇን ወደ አፏ ወርወር ታደርግና ውሃውን ትጨልጣለች። «ዋጥሽ?» «ዋጥኩ።» ታናሿ ወደ ካውያዋ ትዞራለች።

በሁለተኛው ቀጠሮ ግፊቷ ከበፊቱም ብሶ ተገኘ። የማደንዘዣው ሐኪም ግራ ተጋባ። «ክኒኑን በሥርዓቱ ይወስዳሉ?»

«እኔው ነኝ በእጄ የምሰጣት» አለች ታናሿ ኮራ ብላ። «አንድ ቀን አላጓደልንም። ከፈለጉ እምላለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን እያየች ነበር። ሐኪሟ በዚህ ዓይነት ግፊት በአንጎል ውስጥ ደም ፈሶ ሰው ባለበት ሊቀር እንደሚችል ነገረቻት፤ ዕጢውም ቆሞ እንደማይጠብቅ ነገረቻት። ሁሉንም ሰማች። እቤቷ ስትደርስ የመጀመሪያ ሥራዋ አንዲት የሰርግ ቀሚስ ዘርግታ መቁረጥ ነበር። ያን ቀን እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር ሳተ።

ነገሩ የፈረጠው ታናሿ የተማሪ ሸሚዞች ላይ ቁልፍ ስትተክል ነው። ልብስ ሰፊዋ ከመጋረጃው ጀርባ ደንበኛ ትለካ ነበር። «ትከሻ!» ብላ ጠራች፤ ታናሿ ጻፈች። «ደረት!» ጻፈች። «ወገብ!» ስትል ግን መልስ የለም። «ወገብ አልኩ እኮ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። ከጠረጴዛው በኩል አንድ ቆርቆሮ ሲዘረገፍ ብቻ ተሰማት።

ደንበኛዋን እንደምንም ሸኝታ መጋረጃውን ገለጠች። ታናሿ ቁልፍ ስታጣ ከእህቷ መኪና አጠገብ ካለው የቁልፍ ቆርቆሮ አንድ ነጭ ቁልፍ አንስታ ነበር። እንደ ልማዷ ሳታየው ሸሚዙ ላይ አስቀምጣ መርፌውን ብታስገባ ተንሸራተተባት፤ ገልብጣ ብትሞክር አሁንም ተንሸራተተባት። ቀዳዳ አልነበረውም። አሁን ጠረጴዛው ላይ በአንድ ወገን ቁልፎች፣ በሌላ ወገን ክኒኖች ተከምረዋል። ታናሿ በጣቷ እየለየች ነው።

«ምዬ ልመሰክርልሽ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «በሐኪም ፊት።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። «ግፊቴን…»

«ግፊትሽንማ አንቺው አስነሳሽው!» ታናሿ ጮኸች። በዕድሜዋ እህቷ ላይ ጮኻ አታውቅም፤ በር ላይ የነበረው የእህቷ ባል፣ ሹፌሩ፣ ሬዲዮኑን ዘጋ። «አንቺው በእጅሽ! ለምን? ንገሪኝ ለምን!»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ፈራሁ» አለች።

«መቆረጡን?»

«መቆረጥ ምን አለው። ስቆርጥ አይደል የኖርኩት።» ሜትሩን በጣቷ ላይ ጠቀለለች። «ከፍተው አይተው ዘግይተሻል እንዳይሉኝ ነው። መጀመሪያ ሳገኘው ቁልፍ ታክል ነበረች። ያኔ መናገር ነበረብኝ፣ አፈርኩ። ልቤን አይተው ምንም የለም ሲሉኝ ልቤን አይደለም ማለት ነበረብኝ፣ ዝም አልኩ። ካልከፈቱኝ አላውቅም፤ ካላወቅኩ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ አይሆንም። እንዲህ ብዬ ነው።»

«እኔስ?» አለች ታናሿ። «አንቺ ሳታውቂ እስክትሞቺ እኔ እያወቅኩ ቁጭ ብዬ ልይሽ? እማዬን አላስታውሳትም፤ እናት ሲሉ የሚመጣብኝ ያንቺ ፊት ነው። አንዲት ፍሬ ክኒን አልዋጥም ብለሽ ሁለተኛ እናት ልታስቀብሪኝ?»

ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች፤ ሳታምር፣ ሳትከልል፣ አፍንጫዋን በሜትሩ ጫፍ እየጠረገች አለቀሰች። ሹፌሩ ብርጭቆ ውሃ ይዞ ገባ። ትከሻዋን ያዛት። ታናሿ የዕለቱን ክኒን ከራሱ ማሸጊያ አውጥታ ሰጠቻት፤ ልብስ ሰፊዋም ሁለቱም እያዩዋት ዋጠችው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ነርሷ ክንዷን ፈትታ «ወርዷል! ዛሬ ጥሩ ነው» ስትል ሹፌሩ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ልብስ ሰፊዋ ግን የነርሷን እጅ ያዘች።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ነርሷ ደገመችላት። ያው ነው። ልቧ እንደ ስፌት መኪና እየመታ፣ ግፊቷ ግን ወርዶ ቀረ፤ ክኒኑ ሥራውን ሠርቷል። ከኋላው የምትሸሸግበት ነገር አልነበረም። ፍርሃቷን ይዛ ልብሷን አወለቀች።

ሐኪሟ መጥታ የምትቆርጥበትን መስመር በብዕር ጡቷ ላይ አሰመረች። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ቀና አድርጋ መስመሩን አየችው።

«ጡቴን ሰፋ አድርገሽ ቁረጪው» አለች። «ለእኔ አዝነሽ እንዳታሳንሺው። ከፍተሽ ያየሽውንም እንዳትደብቂኝ፣ ልጄ። እህቴንም ደብቂያት እንዳትዪያት።»

«አልደብቅዎትም» አለች ሐኪሟ።

ስትነቃ በግራ በኩል ፋሻው ከብዷት፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ መስኮቱ ላይ የከሰዓት ፀሐይ አርፋ ነበር። ታናሿ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። «በሰላም አለቀ እታለም። ሁሉም ደህና ነው፤ ሁሉም ነገር ደህና ነው» አለች፣ ከተጠየቀችው በላይ ፈጥና። የአንሶላውን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

ልብስ ሰፊዋ አየቻት። መደበቅን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። «ሐኪሟ ምን አለች?»

«ደህና ነው አለች አልኩሽ እኮ።»

«የኔ ልጅ» አለቻት። ታዝላት ከነበረበት ዘመን ወዲህ እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። «ንገሪኝ።»

ታናሿ አንሶላውን ለቀቀችው። «ብብትሽ ውስጥም ገብቷል አለች። ያገኘችውን አውጥታለች። ግን ገብቷል።»

የፈራችው ነገር ይኸው መጣ። ጣሪያውን እያየች ጠበቀችው፤ እንዳሰበችው አልገደላትም፤ ግን ከፋሻው ስር የሚያማት ከቁስሉ የባሰ ነበር። ያን ቀን ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ኖሮ! ይህን ጸጸት ወደፊት ከእሷ የሚወስድላት ሐኪም እንደሌለ አወቀች።

«ታዲያ ቀጥሎ ምንድን ነው?» አለች።

«መድኃኒት አለ፣ በደም ሥር የሚሰጥ። ከዚያ ጨረር።»

«መቼ ነው የሚጀመረው?»

«ቁስልሽ ሲሽር። ሳምንታት ይፈጃል አለች።»

ልብስ ሰፊዋ በደህና እጇ የእህቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ከዚያ በፊት አይሆንም?» አለች። «ሂጂ ጠይቂያት። ከዚያ በፊት አይሆንም?»